ቀበሮም ለዘር ይቀመጣል እንዴ?

ባለፈው ታኅሣሥ አጎቴን ልጠይቅ ወደ ወሎ ቦረና ወጥቼ ነበር። ከደሴ በሌሊት ነው የተነሳነው። ጉጉፍቱ ስንደርስ የሚኒባሱ መስታወት ጭጋግ ለብሶ ሾፌሩ በእጁ እየጠረገ ይነዳል፣ ከኋላ የተቀመጡት እናት ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ስበው "ያ ረቢ፣ ዛሬስ ውርጩ ጨከነ" ይላሉ። አቀስታ ላይ ሻይ ጠጣን። ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ አልተርክላችሁም፣ ወገቤ ያውቀዋል።

የአጎቴ ቤት ከደንቆሮ ጫካ በላይ ባለው ደጋ ጫፍ ላይ ነው። አዎ፣ የጫካው ስም ደንቆሮ ነው፣ እኔ አላወጣሁለትም። አሁን የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ የሚባለው ውስጥ ነው ያለው፤ ወረቀት ላይ ስሙ ረዘመ እንጂ የአገሬው ሰው ግን ያው ደንቆሮ ነው የሚለው።

ጠዋት ከካቡ ጥግ ተደግፈን ፀሐይ እንሞቃለን። አጎቴ ድንገት በከዘራቸው ጉልበቴን ነካ አደረጉኝና ዝም በል አሉኝ። ቁልቁል ካለው ጓሳ መሃል አንዲት ቀይ ቀበሮ ቆማለች። እግሯ ቀጭንና ረዥም፣ አንገቷ ሥር ነጭ፣ ጅራቷ ጫፉ ጥቁር ሆኖ ጎፈር ያለ ነው። አንድ ጉድጓድ ላይ አፍጥጣ ጆሮዋን አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ ታዞራለች። ከዚያ ሆዷ መሬት እስኪነካ ዝቅ አለችና በልቧ መሄድ ጀመረች፣ አንድ እርምጃ፣ ቆም፣ አንድ እርምጃ፣ ቆም። ሻዩ እጄ ላይ ቀዘቀዘ። ዘላ ስትነሳ ከአፏ የአይጥ ጭራ ተንጠልጥሏል።

"ድሮ እዚህ ተቀምጠህ ሦስት አራት ታይ ነበር" አሉ አጎቴ። "አሁን አንዷን ማየትም ዕድል ይፈልጋል።" ትንሽ ዝም አሉና ጨመሩ፦ "ግን አንተ የተማርከው፣ ንገረኝ እስቲ። መንግሥት ለምን ሁለት ሦስቱን ይዞ ለዘር አያስቀምጣቸውም?"

ሳቅሁ። ከዚያ ግን መልስ አጣሁ። ይሄ ጽሑፍ ያኔ መመለስ ያቃተኝን ለመመለስ ነው።

ለዘር ማስቀመጥ ማለት ለወሎ ሰው ቀላል ነገር አይደለም። አጎቴ የሰባ ሰባቱን ድርቅ ያዩ ሰው ናቸው። እናታቸው፣ የእኔ አያት፣ አንድ ቁና የማይሞላ የገብስ ዘር በስልቻ አስረው ልጆቹ እንዳያዩት ቆጥ ላይ ከእንጨት ሥር ደብቀውት ነበር ይላሉ። ልጆች እየተራቡ። ዝናቡ ሲመለስ የዘሩት ያንን ነው። ስለዚህ አጎቴ "ለዘር ይቀመጥ" ሲሉ ነገሩን ከእኔ በላይ ያውቁታል። ጥያቄው ሞኝ ጥያቄ አልነበረም፤ እንዲያውም የዓለም የዱር እንስሳት ባለሙያዎች ስንት ዓመት ሲከራከሩበት የኖሩት ጥያቄ ነው።

እንስሳ ሊጠፋ ሲል ጥቂቱን ይዞ በአጥር ውስጥ ማራባት፣ በዝቶ ሲጠነክር ደግሞ ወደ ዱር መመለስ። ሐሳቡ ይኸው ነው። ሠርቶም ያውቃል። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ ናቸው፣ ሰባ ሰባት ብቻ የእኛ ነው።)

የመጀመሪያውን ምሳሌ ሩቅ ሳልሄድ እዚያው አጎቴ ደጅ አገኘሁት። ቀበሮዋ ከሄደች በኋላ አንድ ትልቅ ጥላ ገለባው ላይ አለፈ። ቀና ስንል ደረቱ ዝገት የመሰለ፣ ክንፉ ሲዘረጋ ከሰው ቁመት በጣም የሚበልጥ አሞራ ነው፣ መንቁሩ ሥር ጢም የመሰለ ጥቁር ፀጉር አለው። አጎቴ "አጥንት ሰባሪው" ነው የሚሉት። ትናንት የታረደው በግ አጥንት ከቤቱ ኋላ ተጥሏል። አንሥቶ ወጣ፣ ከገደሉ አፍ ካለው ጠፍጣፋ አለት በላይ ዞረና ለቀቀው። ቋ! አልተሰበረም። ወርዶ አነሣው፣ እንደገና ወጣ። በሦስተኛው ተሰበረለት መሰለኝ፣ አለቱ ላይ ቆይቶ ቀረ። የዚህ አሞራ ዋና ምግቡ አጥንት ነው፣ ጨጓራው ውስጥ ያለው አሲድ አጥንት ያሟሟል።

እኛ ቀና ብለን በነፃ የምናየውን ይህን አሞራ፣ የአውሮፓ ሰዎች አልፕስ ከሚባለው ተራራቸው ላይ ጨርሰውት ነበር። ግልገል ይነጥቃል፣ ሕፃን ይወስዳል እየተባለ ለገደለው ሽልማት ይከፈል ነበር። ስሙን ራሱ የበግ አሞራ ብለውት ነበር። አጥንት የሚለቅም ምስኪን! የመጨረሻው በ1913 ጣሊያን ውስጥ ተተኮሰ። ከዚያ ሰማዩ ባዶ ሆነ።

የመለሱት በማራባት ነው። በየመካነ እንስሳቱ የተረፉትን አሰባስበው፣ ጥንድ ጥንድ አድርገው፣ የማን ልጅ ከማን እንደሆነ በመዝገብ እየያዙ። እንስቷ ብዙ ጊዜ ሁለት እንቁላል ትጥላለች፣ ግን ሁለቱ ቢፈለፈሉም ትልቁ ታናሹን ይገድለዋል፤ ተፈጥሮው ነው። ተንከባካቢዎቹ ታናሹን ከመሞቱ በፊት ያወጡታል። ይሄ ብቻውን በዱር ሊሞት የነበረን ጫጩት ማትረፍ ነው። ከዚያ ክንፉ ሊጠነክር ሲል፣ መብረር ሳይጀምር፣ ወስደው ገደል ውስጥ ካለ ጎድጓዳ ድንጋይ ላይ ያስቀምጡታል። ምግቡን ሰው እንዳመጣለት ሳያይ ያደርሱለታል። በራሱ ጊዜ ይበራል፣ ያ ተራራ አገሩ ይሆናል። በ1986 ኦስትሪያ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ለቀቁ። ዱር ውስጥ የተፈለፈለ የመጀመሪያው ጫጩት የበረረው ግን በ1997 ነው። አሥራ አንድ ዓመት! እስካሁን ከ200 በላይ አሞራ ለቀዋል።

ለአጎቴ ይሄን ሳወራላቸው "ለአሞራ?" አሉ። "እኛ እኮ በወንጭፍ ነው የምናባርረው።"

እናቴ ብትሰማ ደግሞ የምትስቅበት ሌላ ነገር አለ። ዶሮ ያላችሁ ታውቃላችሁ፣ እንቁላሉን ከሥሯ ካላነሣችሁ ትታቀፍና መጣል ታቆማለች፣ ካነሣችሁባት ግን ትቀጥላለች። አሜሪካኖች ኮንዶር የሚባለውን ትልቁን አሞራቸውን ያተረፉት በዚሁ ብልሃት ነው። ኮንዶር በተፈጥሮዋ አንድ እንቁላል ጥላ ልጇን ለማሳደግ ረዥም ጊዜ ትወስዳለች፣ በሁለት ዓመት አንድ ልጅ እንደማለት ነው። እንቁላሏን ቀድመው ወስደው በማሽን ሲፈለፍሉላት ግን ሌላ ትጥላለች። በ1982 በዓለም ላይ 22 ብቻ ቀርተው ነበር። በ1987 ዱር ውስጥ የቀረውን የመጨረሻውን ሳይቀር ይዘው አስገቡ፣ ሁሉም ተደምረው 27 ነበሩ። ጫጩቶቹ ሰውን እንዳይላመዱ የኮንዶር ጭንቅላት የመሰለ አሻንጉሊት እጃቸው ላይ አጥልቀው ያበሏቸው ነበር። ዛሬ ከ500 በላይ ናቸው።

ሌላውን ምሳሌ ደግሞ ብዙ የወሎ ልጆች ሳያውቁት ተሳፍረውበታል። የኳታር አየር መንገድ ጅራት ላይ ያለችው ቀንዳም ራስ የማን ናት? የአረብ ኦሪክስ ትባላለች፣ የበረሃ እንስሳ ናት፣ ነጭ፣ ቀንዷ ቀጥ ያለ። የአክስቴ ልጅ ዶሐ ስትሠራ ቆይታ ስትመለስ ይህቺ ሥዕል ያለባት ኩባያ አምጥታልኝ እስካሁን ቡና እጠጣባታለሁ። ኦሪክስ በ1972 ዱር ውስጥ ተኩሰው ጨረሷት። እግዜር ይስጣቸውና አስቀድመው በ1960ዎቹ ጥቂቱን ይዘው አሜሪካ፣ ፊኒክስ ከተማ ወስደው ማራባት ጀምረው ነበር። በ1982 ኦማን በረሃ ላይ መልሰው ለቀቋት።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ኦማን ውስጥ በ1996 ወደ 450 ደርሰው የነበሩት በአደንና በመሰረቅ እየቀነሱ 65 ብቻ ቀሩ። መንግሥትም የተከለለውን መሬት ከአሥር ዘጠኝ እጁን ቆርጦ ቀነሰው፣ ነዳጅ ፍለጋ ነው። በ2007 ዩኔስኮ ያን ቦታ ከዓለም ቅርስነት ሰረዘው። አንድ ቦታ ከዚያ መዝገብ ሲሰረዝ የመጀመሪያው ነበር። እንስሳዋ በሌሎች የአረብ አገሮች ተርፋለች፣ በ2011 የአደጋ ደረጃዋም ቀለል ብሎ ተመዘገበ። ግን አያችሁ፣ ዘሩ ጎተራ ውስጥ ነበረ፣ ተዘራ፣ በቀለ፣ ከዚያ ማሳውን ወሰዱበት።

ኮንዶርም ያው ነው። አዳኞች የሚተኩሱት የእርሳስ ጥይት የሞተ እንስሳ ሥጋ ውስጥ ይቀራል፣ ኮንዶሩ ሲበላው ይመረዛል። እርሳሱ እስካለ ድረስ እያራቡ መልቀቅ ብቻውን አይበቃም።

በተቃራኒው ማሳውን ያስቀደሙ አሉ። ታንዛንያ ውስጥ ኪሃንሲ የሚባል ፏፏቴ አለ። እዚያ የፏፏቴው እንፋሎት በሚያረሰርሰው ጥቂት መሬት ላይ ብቻ የምትኖር፣ ጥፍር የምታክል ቢጫ እንቁራሪት ነበረች። የመብራት ግድብ ተሠራና ውሃው ቀነሰ፣ እንፋሎቱም ቀረ። በ2000 ወደ 500 የሚሆኑትን ይዘው ኒውዮርክ፣ ብሮንክስ ያለው መካነ እንስሳት ወሰዷቸው። በ2009 ከዱር ጠፋች ተባለ። እነሱ ግን እዚያ ሲያራቡ፣ እዚህ ደግሞ ገደሉ ላይ ውሃ የሚረጭ ቧንቧ ዘርግተው ቦታውን እንደ ድሮው አረጠቡላት። በ2012 ወደ ቤቷ ተመለሰች። ለጥፍር ለምታክል እንቁራሪት ገደል ላይ ቧንቧ መዘርጋት! ለአንዳንዱ ቅንጦት ይመስላል። እኔ ወደድኩት።

እሺ፣ ወደ አጎቴ ጥያቄ ልመለስ።

ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው ያለችው። ለአካለ መጠን የደረሱት ከ500 ያነሱ ናቸው፣ ከግማሽ በላዩም ባሌ ነው። የቀሩት ስሜን፣ መንዝ ጓሳ፣ አርሲ፣ በእኛም በኩል እንደ አቡነ ዮሴፍና ቦረና ሳይንት ባሉ ደጋዎች ላይ ተበታትነው ነው የሚኖሩት። ደጋዎቹ እንደ ደሴት ናቸው፣ መሃላቸው እርሻና ከተማ ነው። ጎጃም ጮቄ ላይ የነበሩት ጠፍተዋል። እና ለዘር የተቀመጠች አንዲትም የለችም። በየትኛውም አገር መካነ እንስሳት ውስጥ የምትራባ ቀይ ቀበሮ የለችም።

ይሄን ሳውቅ መጀመሪያ ተናደድኩ። ለአንበሳ እንኳ ስድስት ኪሎ ግቢ አለው አልኩ። ልጅ ሆኜ አዲስ አበባ ስሄድ መጀመሪያ የወሰዱኝ እዚያ ነው፣ ሽታው እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ። ግቢው በ1948 የተቋቋመው በሰባት አንበሶች ነው ይባላል፣ አምስት ወንድና ሁለት ሴት። በ2012 የወጣ ጥናት የእነዚያ ልጆች ጎፈራቸው ብቻ ሳይሆን ዘረ መላቸውም ከሌሎች አንበሶች የተለየ ነው አለ። ማለት፣ ሰው ሳያስበው ለዘር አስቀምጦ ነበር። ግን ከሁለት ሴት የወረደ ዘር ስንት ትውልድ ይዘልቃል? በግ የሚያረባ ሰው ሁሉ መልሱን ያውቃል፣ አውራ በግ የሚለዋወጡት ለዚህ ነው።

ሳነብ ስቆይ ግን ንዴቴ በረደ። ቀይ ቀበሮ እንደ ዶሮ አይደለችም። በመንጋ ነው የምትኖረው፣ አደኗን ብቻዋን ትሂድ እንጂ። መንጋው ውስጥ ብዙውን ጊዜ የምትወልደው አንዷ አለቃ እንስት ናት፣ ሌሎቹ ታላላቅ ወንድምና እህቶች ምግብ በሆዳቸው አምጥተው ለግልገሎቹ ይተፋሉ፣ ጎሬውን ይጠብቃሉ። ሁለት ሦስቱን ይዘህ ስታስገባ ያንን ቤተሰብ ነው የምታፈርሰው። በአጥር ውስጥ ያደገ ግልገልስ ያችን አንድ እርምጃ፣ ቆም፣ አንድ እርምጃ፣ ቆም የሚለውን አካሄድ ከማን ይማራል? አንዳንዱ እንስሳ በደመ ነፍሱ ያውቀዋል፣ አንዳንዱ ግን ካላየ አያውቅም። ደግሞ ከ500 ካነሰ ላይ ለዘር ስትቆነጥር፣ በተለይ ከእኛ ትንንሽ ደጋዎች፣ የቆነጠርከው ራሱ ጉዳት ነው።

ይዞ ማኖርና ማራባትም አንድ አይደሉም። በምዕራቡ አገራችን ጥርኝ ለዝባድ ሲባል ከጥንት ጀምሮ በጎጆ ተዘግቶ ይኖራል፣ ግን ከዱር እየተያዘ ነው የሚመጣው እንጂ ቤት ውስጥ አይራባም።

አንድ ጊዜ ብቻ ነገሩ ቀረብ ብሎ ታይቷል። በ2020 ስሜን ላይ አንድ ወንድ ቀይ ቀበሮ እግሩን በጥይት ተመቶ ተገኘ። መጠለያ ሠርተውለት፣ ሐኪም አክሞት፣ ከ51 ቀን በኋላ ወደ ዱር ተመለሰ። ስሙን ተረፈ አሉት። ጥሩ ስም ነው። ቢያንስ መያዝ፣ መመገብና መመለስ እንደሚቻል ያሳየ ይመስለኛል፣ ነገ ክፉ ቀን ቢመጣ ከዜሮ አይጀመርም።

እኔ ማራባትን የምቃወም ሰው አይደለሁም። ኬንያ ያሉትን፣ ከዘራቸው የቀሩትን ሁለት የሰሜን ነጭ አውራሪሶች አስቡ፣ ሁለቱም ሴት ናቸው፣ እናትና ልጅ። የመጨረሻው ወንድ በ2018 ሞተ። እዚያ ሳይደረስ ነው መወሰን ያለበት። በጣም ሲዘገይ የሚቀረው መጠበቅና ላብራቶሪ ነው። ስለዚህ ባሌ ላይ ካሉት፣ በርከት ካሉት፣ አንድ ቀን ለዘር ይቀመጥ ቢባል አልከራከርም። ብቻ ማን እንደሚገድላቸው ሳይፈታ አጥር ማጠር የኦማንን መድገም ነው።

የሚገድላቸው ደግሞ ይታወቃል። ውሻ ነው። መንከሱ አይደለም፣ በሽታው ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ባሌ ላይ በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ በ2003፣ በ2008 እና በ2014 ገብቶ መንጋ መንጋውን ጨርሷል። ዲስቴምፐር የሚባል ሌላ የውሻ በሽታም አለ። ሁለቱም ከሰው ውሻ የሚመጡ ናቸው። ለዚህ ነው ከ1995 ጀምሮ ቀይ ቀበሮ ላይ የሚሠራው ፕሮግራም የመንደር ውሻ ሲከትብ የኖረው። በ2018 ደግሞ ባሌ ላይ ለራሳቸው ለቀበሮዎቹም ክትባት በምግብ መስጠት ጀምረዋል፣ ክትባቱን የፍየል ሥጋ ውስጥ ደብቀው ማታ ማታ ያስቀምጡላቸዋል። አይይዟት፣ አይወጓት፣ በልታ ትሄዳለች።

ይሄን ሁሉ ለአጎቴ በስልክ ነው የነገርኳቸው፣ ካርዴ እስኪያልቅ። ዝም ብለው ሰሙኝ። ስለ ኦማን ስነግራቸው "ማሳው ከሌለማ" አሉ፣ ሌላ አልጨመሩም። ውሻ ላይ ስደርስ ግን አቋረጡኝ።

"የኛ ውሻ? ይሄ ቡችላ?"

"አዎ ጋሼ። ማታ ማታ ይፈቱት የለ? የት እንደሚያድር ያውቃሉ?"

"የት አውቄ።"

ባለፈው ሳምንት ደወሉልኝ። ከታች ቀበሌ ውሻ ሊከትቡ መጥተው ነበር አሉ። ውሻው መርፌውን ሲያይ ገለባ ክምር ውስጥ ገብቶ አልወጣም ብሎ፣ በመጨረሻ በበግ አጥንት አታለው አወጡት። ያን አጥንት ለአሞራው አስቀምጬው ነበር እያሉ ሳቁ። የእርሳቸው ተወግቷል። ካቡን ተሻግሮ ያለው ጎረቤታቸው አራት ውሻ አለው፣ እሱ ግን ያን ቀን ገበያ ወርዶ ስለነበር አራቱም ሳይወጉ ቀሩ። ማታ ሁሉም አብረው ነው የሚወጡት። ተመልሰው መቼ እንደሚመጡ ጠይቅልኝ ብለውኛል፣ ነገ ልደውል ነው።